ሄደሩን ገጠምኩት፤ መኪናው ግን ይንጣጣል

የአንባቢዎች የመኪና ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 4ኬ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጉልበት እያጣ ቢያስቸግረኝ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሄደር (ከሞተሩ ጭስ የሚያስወጡ ቀጫጭን ቧንቧዎች) ገዛሁ። ጋራዥ የጠየቁኝ ገንዘብ ስለበዛብኝ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥመው ተነሳሁ። የድሮውን ማኒፎልድ (ወፍራሙን የጭስ መውጫ ብረት) ስፈታ አንዱ ብሎን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ተቆረጠ። ሄደሩን በቀሩት ብሎኖች አጥብቄ አስገባሁት፤ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባሁት፤ ወደ ኋላ ደግሞ ወፈር ያለ ቧንቧ አስበየድኩ። አሁን ጠዋት ሳስነሳው «ጠጠጠ» ይላል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ጉልበቱ አልጨመረም፤ እንዲያውም ሲነሳ ደከመ። ባለቤቴንም ከልጆቹ ጋር ከኋላ ስትቀመጥ ራሷን ያማታል። ልፍታው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር፤ ሁሉም የሚስተካከል ነው። ግን ከብሎኑም ከጉልበቱም በፊት ስለ ባለቤትህ ራስ ምታት እናውራ። ይህ ነገር እስኪስተካከል ቤተሰብህን በዚያ መኪና አታሳፍር። ጥምዝምዙ መንገድ ነው ብለህም አትለፈው። የቤንዚን ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሲበዛ ይገድላል። ያንተ ሄደር የሚያፈሰው ሞተሩ ጋ፣ ከዳሽቦርዱ ፊት ነው። ከዚያ በአየር ማስገቢያውና በወለሉ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይሳባል። ደሴ ደግሞ ብርድ ነው፤ መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ጥቂት ነው። «አይሸትም» የሚል ሰው ካለ አትስማው፤ የሚሸተው ሌላው ጭስ ነው፣ ገዳዩ አይሸትም። ጠዋት ሞተር ለማሞቅም በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሳው። ልጆቹም ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወይም ባለቤትህ ከመኪና ስትወርድ የሚሻላት ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ስለ ጭሱ ንገሩት።

ወደ ድምፁ እንምጣ። «ጠጠጠ» የሚለው ሄደሩ ከቴስታታው ጋር በደንብ ካልገጠመበት ክፍተት ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ቀነሰ እንጂ አልተደፈነም። ቦታውን በእርግጠኝነት ለማግኘት ሞተሩን አጥፍተህ ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) ጫፍ በኩል ቀስ ያለ አየር አስነፋ፤ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ይበቃል። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ የሠራበት ቦታ ሁሉ ያፈሳል። ገምቼ ብናገር ዋናው አረፋ የተቆረጠው ብሎን አጠገብ ይሆናል።

የጉዳዩ ሁሉ ሥር ያ ብሎን ነውና እሱ ላይ ልቆይ። የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት ነው። ይህ ሁሉን ነገር ይለውጣል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ማንም ሰው በኦክሲጅን እሳት ቴስታታውን እንዳይመታብህ። መሰርሰሪያም ቶሎ አታንሳ። ብሎኑ ጠንካራ፣ ዙሪያው ለስላሳ ስለሆነ የመሰርሰሪያው ጫፍ ወደ ለስላሳው ይንሸራተትና ቀዳዳውን ያበላሸዋል።

የብሎኑ ስባሪ ትንሽ እንኳ ብቅ ካለ መፍትሔው በያጅ ነው። ላዩ ላይ ዳዶ ያስቀምጥና በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ ከስባሪው ጋር ይበይደዋል። ሙቀቱ በቀጥታ ብሎኑ ውስጥ ስለሚገባ ዝገቱ ይሰነጠቃል። ከመበየዱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቅ። ካርብሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) እና የቤንዚን ጎማውን አርቅ፤ የአሸዋ ባልዲ አጠገብህ ይኑር። ከተበየደ በኋላ ወዲያው አትታገለው። ይቀዝቅዝ። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርግበትና በመፍቻ ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት። መጀመሪያ ቀጭን የመንጫጫት ድምፅ ያሰማል። ከዘይቱ ጋር ቀይ የዝገት ዱቄት መውጣት ሲጀምር እሺ ብሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሁለተኛ ብሎን ይሰብራል። ስባሪው ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ግን በጉልበት አትታገለው፤ ቴስታታውን አስወርደህ ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ውሰደው። እዚያ መሃሉን አስተካክለው ይበሱታል፤ ጥርሱም ከተበላ አዲስ ጥርስ ያስገቡለታል። ለዚህ የምታወጣው ገንዘብ አዲስ ቴስታታ ከመግዛት ያድንሃል።

የቀሩትን ብሎኖችም ስትፈታ ማታ ዘይት አጠጥተህ እደር። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀም፤ ባለ አስራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ይልጣል። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተህ አትጫን። መኪናው ስር ስትገባም በክሪክ ብቻ አትመን። በጠንካራ የብረት መደገፊያ አስደግፈው፤ ጎማዎቹንም በድንጋይ ያዝ። የደሴ ግቢ ተዳፋት መሆኑን አንተም ታውቀዋለህ።

ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ ፋቀው። የጭስ መውጫው ላይ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ቀዩ ሲሊኮን እንኳ የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ተቃጥሎ ይረግፋል፤ የሸፈነውም ክፍተት እንዳለ ይቀራል። የሚያስፈልግህ አዲስ ጋስኬት (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ነው። 4ኬ ላይ ቤንዚንና አየር የሚያስገባው ማኒፎልድና ጭስ የሚያስወጣው በአንድ ጎን ናቸው፤ ስለዚህ ጋስኬቱን ለሁለቱም በአንድነት ለውጥ። ጋስኬቱን ከመግጠምህ በፊት የሄደሩን ፊት ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ ለካው። ያገለገለ ሄደር ብዙ ጊዜ ይጣመማል። በማስመሪያው ስር ብርሃን ካየህ ቶርኖ ቤት ይደልድሉት። ከዚያ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቅ። በ12 መፍቻ የሚፈታ ባለ 8 ሚሊ ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ አሉሚኒየም ላይ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጥርስ መብላት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሸው። ይህችን የመጨረሻ ፍተሻ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ድምፁም በሳምንቱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በደብዳቤህ አላነሳኸውም። የድሮው ማኒፎልድ የካርብሬተሩን ስር ያሞቅ ነበር፤ ሁለቱ ማኒፎልዶች መሃል ላይ የሚገናኙት ለዚህ ነው። ሄደር ሲገባ ያ ሙቀት ይቀራል። በደሴ ብርድ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ጠዋት ጠዋት ቾክ (በብርድ ማስነሻው) ረዘም ላለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነዳጅ ስትሰጠውም ይታነቃል። ያ መገናኛ ቀዳዳ በላሜራና በጋስኬት መደፈኑን አረጋግጥ። ካልተደፈነ አየር እየሳበ ነው። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ባቲ ስትወርድ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ ቀጭኑ የሄደር ቧንቧ ከድሮው ወፍራም ብረት ይልቅ ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚረጭ ቤንዚኑ ካርብሬተሩ ላይ ሊፈላ ይችላል። በመካከላቸው የላሜራ ጋሻ አድርግ።

ወደ ኋላ ያስበየድከውን ወፍራም ቧንቧ አስቀይረው። ለ1,290 ሲሲ ሞተር ከ42 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቧንቧ ይበቃል። ከዚያ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ ሲነሳ የደከመብህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሄደሩንም እየው። ሞተሩ የሚቀጣጠለው በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ አራቱ ቧንቧዎች መጀመሪያ ወደ ሁለት ከተሰበሰቡ 1ኛው ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ3ኛው ጋር መጣመር አለበት። ለመንገድና ለዳገት እንዲህ ያለው ይሻላል፤ አራቱ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት የሚጠቅመው ሞተር በጣም ሲሽከረከር ነው። ሲገጠም ሁሉንም ላላ አድርገህ ከሞተር እስከ ማርሚታ አንጠልጥለው፤ ከፍሬን ቱቦና ከወለሉ መራቁን አይተህ ከሞተሩ ጀምረህ ወደ ኋላ አጥብቅ። መስቀያዎቹ ጎማ ይሁኑ። ሞተሩ ነዳጅ ስትሰጠው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ቧንቧው በብረት ከታሰረ ብየዳው ይሰነጠቃል።

አሁን ስለ ጉልበት እውነቱን ልንገርህ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሲወለድ ወደ 60 ፈረስ ጉልበት የነበረው 4ኬ ሐረጎ ላይ ቢደክም አይፈረድበትም። ያንን ሩብ የሚመልስ ሄደር የለም፤ ሄደር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ካርብሬተሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ ከተስተካከለ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጉልበትም ገንዘብም ያባክናል። ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን) አውጥተህ እያቸው። ጥቀርሻ ለብሰው ከጠቆሩ ዳገቱን የሚያከብድብህ እሱ ነው። ካርብሬተር የሚያውቅ ሰው አነስ ያለ ጄት (የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ) ያድርግልህ፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ጊዜ ይይልህ።

የድሮውን ማኒፎልድ አልጣልከውም አይደል? ካልተሰነጠቀ እኔ ብሆን እሱኑ መልሼ እገጥመዋለሁ። ብርድ አገር ላለ፣ ልጆች ለሚጭን መኪና ወፍራሙ ብረት ይሻላል፦ አይጣመምም፣ ካርብሬተሩን ያሞቃል፣ ድምፁም ልከኛ ነው። ሄደሩን ከወደድከው ምርጫው ያንተ ነው፤ በትክክል ከተገጠመ ምንም አይልም። የትኛውም ይሁን፣ የሳሙናው አረፋ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ባለቤትህንና ልጆቹን አታሳፍር።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ቪትዝ አለኝ። ጉልበት ሲቀንስ መካኒክ ጋ ወሰድኩት፤ «ካታላይተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ተደፍኗል፣ አውጥተን በባዶ ቧንቧ እንተካው፤ አሮጌውን እኔ እወስደዋለሁ» አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መደፈኑ ይረጋገጥ። ከካታላይተሩ በፊት ያለችውን የኦክሲጅን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳዋ የጭሱን ግፊት በጌጅ መለካት ይቻላል። ግፊቱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቤንዚን ፓምፕ። በእውነት ተደፍኖ ከሆነም ያለ ምክንያት አይደፈንም። ዘይት የሚበላ ወይም አንዱ ካንዴላ የማይመታለት ሞተር አዲሱንም ይደፍነዋል። አሮጌውን ደግሞ በነፃ አትስጪ። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለው፤ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። በባዶ ቧንቧ ከተተካ ጭሱ ይከረፋል፤ ከኋላው ሴንሰር ካለው የሞተር መብራቱም ይበራል። የምትተነፍሱት አየር ነውና የሚሠራ ካታላይተር ይግባለት።

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ ኮምቦልቻ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለችው የሞተር ፍሬን ክዳን እየተጣበቀች ዳገት አልወጣ አለኝ። አውጥተን እንጣላት ይሉኛል።

መልስ፦ አታስጥላት፣ ወንድሜ። እሷ ጭሱን አንቃ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ታደርጋለች። ጭነህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ የእግር ፍሬንህ እንዳይግልና እንዳይከዳህ የምታደርገው እሷ ናት። የምትጣበቀው በካርቦን ጥቀርሻ ነው። ትፈታና ትፋቅ፤ ዘንጓ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባ። የቫኪዩም ጎማዋም እንዳልተሰነጠቀ ይታይ። ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጓን በእጅህ ስትገፋት ሄዳ በራሷ ስፕሪንግ መመለስ አለባት። እስክትሠራ ድረስ ጭነት ቀንስ፤ ሐረጎንም በወጣህበት ማርሽ ውረድ።