መልስ፦ ሐይቅ ላይ የሚጋደም የፍሌቸር ሞዴል

ከእውነተኛው በ100 እጥፍ አሳንሰህ (በ1/100) የሠራኸው የፍሌቸር ዲስትሮየር፣ ማለትም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር መርከብ ሞዴል፣ ሐዋሳ ሐይቅ አሞራ ገደል ላይ ውኃ በነካ ቁጥር የሚጋደመው ቅርፁ ተበላሽቶ አይደለም፤ ላዩ ከብዶ ነው። ቀፎውን (ውኃ ላይ የሚቀመጠውን የመርከቡን ገላ) አትንካው።

መጀመሪያ አምስቱን መድፎች ንቀል። ከደረቅ እንጨት ጠርበሃቸው ከሆነ ውስጣቸው ባዶ በሆነ የካርቶን ወይም የቀጭን ፕላስቲክ ሳጥን ተካቸው። ሁለቱ ጭስ ማውጫዎችም እንደዚያው።

ከዚያ ሒሳቡ፦ እውነተኛው መርከብ ሙሉ ጭነት ይዞ 2,500 ቶን ገደማ ነው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም በ100 ስላነሰ ክብደቱን ለሚሊዮን ታካፍላለህ፤ 2.5 ኪሎ። ሞዴሉን ከነሞተሩና ከነባትሪው መዝነው። 1.7 ኪሎ ከሆነ 800 ግራም ይጎድልሃል። ጎሚስታ ቤት የሚጣለው የጎማ ባላንስ እርሳስ ለዚህ ይሆናል።

እርሳሱን ወለሉ ላይ መሐል መስመሩን ይዘህ ደርድር፤ ባትሪውንም አጋድመው እንጂ አታቁመው። ለጊዜው በፕላስተር ያዘውና ባኞ ውስጥ በጣትህ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ልቀቀው። ቶሎ ከተመለሰ በኤፖክሲ አጣብቅ። እያመነታ ከተመለሰ ግን ላዩ አሁንም ከባድ ነው፤ እርሳስ ከመጨመርህ በፊት ከላይ ቀንስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቀፎው ውስጥ ከገባ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ውኃው መርከቡ ወዳዘነበለበት እየሮጠ ጨርሶ ይገለብጠዋል። የፕሮፔለሩን ዘንግ ቱቦ በግሪስ ሙላው። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያነሳ ጠዋት ሂድ፤ ሞገዱ እንደ ሞዴልህ በ100 አያንስም።