ኮሎኝ ልሄድ ነው፣ ምን ልልበስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ታላቅ እህቴ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ትኖራለች። ባሏ የሐይቅ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው። ለ2019 ካርኒቫል ነይ ብለው ጋብዘውኛል። የላኩልንን ፎቶ እማዬ ስታይ እህቴ ንብ ሆናለች፣ ባሏ ፊቱን ቀብቷል። «ይኼ የሰይጣን በዓል ነው፣ አትሄጂም» አለች። እኔም ሌላ የካርኒቫል ፎቶ ላይ ያንን እንደ ወፍ መንቆር ያለውን ጭምብል አይቼ ትንሽ ፈርቻለሁ። ጾም ያስገድፋል? ጭምብል ግዴታ ነው? ሐበሻ ቀሚሴን ብለብስስ?
መ. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። እኔ እዚያ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስልጥ ኖሬ ነው የተመለስኩት። ካርኒቫሉን መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንደ እናትሽ አማትቤያለሁ።

ለእናትሽ አንድ ቃል ንገሪያቸው፤ ቅበላ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እኛስ ምን እናደርጋለን? ያለው ሥጋ ይበላል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ከዚያ ድስቱ ታጥቦ ይቀመጣል። ካርኒቫል የነሱ ቅበላ ነው። ስሙም የመጣው ከላቲን ነው፤ ሥጋን ማንሳት እንደ ማለት። እኛ በድስት ዙሪያ እንሰበሰባለን፣ እነሱ አደባባይ ይወጣሉ። ረቡዕ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ግንባራቸው ላይ አመድ ይቀባሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ በቃ። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ስንቱ ተኳርፎበታል።)

ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። በ2018 ትልቁ የካርኒቫል ሰኞና የኛ ጾም መግቢያ አንድ ቀን ላይ ነው የዋሉት፣ የካቲት 9። በ2019 ግን ሰኞው የካቲት 1 ነው፤ የኛ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29። አትገድፊም። ረመዳን ግን በዚያው ሰሞን ይገባል። የእህትሽ ባል ጾም ከያዘ ሰልፉን አብሯችሁ ያያል፣ የሚወረወረውን ቸኮሌት ለፍጥር ይዞ ይገባል። ወሎዬ ይኼን ማንም አያስተምረውም።

አሁን ከሰኞው በፊት ስላለው ሐሙስ ላስጠንቅቅሽ። በ2019 ጥር 27 ላይ ይውላል። የሴቶች ቀን ነው። ሴቶቹ መቀስ ይዘው ይወጣሉ፤ ከረባት ያሰረ ወንድ ካገኙ ቁርጥ! እኛ አዲስ ገብ ስለነበርን ይኼን የነገረን የለም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚያን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ነበረው። የደሴ ሰው ቢሮ ሲሄድ እንዴት እንደሚለብስ ታውቂያለሽ። የሠርጉን ከረባት አሰረ። ጫማውን ሁለቴ ወለወለ። እዚያ ሲደርስ አንዷ ሠራተኛ ድመት ሆናለች፣ አንዷ የባሕር ወንበዴ። ከወረቀቱ በፊት ከረባቱን አዩ። ቤት ሲመለስ አንገቱ ላይ የቀረችው ቋጠሮዋና አራት ጣት የምታህል ጨርቅ ናት። «ተዋረድኩ» ብሎ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። በማግስቱ ጎረቤታችን ስትስቅ ስትስቅ ቆይታ ለተቆረጠ ከረባት ካሳው ጉንጭ መሳም እንደሆነ ነገረችኝ። እሱ ያንን ክፍል ዘሎታል።

ሰኞ ሰልፉ ነው። በነሱ አቆጣጠር ከ1823 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሠረገላው ያልፋል፣ ባንዱ ይነፋል፣ ከላይ ቸኮሌትና አበባ ይዘንባል። ብልጦቹ ጃንጥላ ገልብጠው ይዘው ይቀልቡታል። ሕዝቡ «ካሜለ! ካሜለ!» ይላል። በጀርመንኛ ግመል ማለት ነው ብዬ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ ትዝ ብሎኝ፣ ግመሎቹ እስኪመጡ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። ለካ በከተማው አነጋገር ከረሜላ ማለታቸው ነው! የበዓሉ ሹማምንት ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ልዑል፣ ገበሬ እና ድንግል። ድንግሏ ጉንጉን ጸጉር የሰካ ወንድ ነው። ናዚዎች በነሱው አቆጣጠር በ1938 እና በ1939 «ይኼ ነውር ነው» ብለው በሴት አስተኩት፤ ከነሱ በኋላ እንደገና ወንድ ሆነ። «ኮለ አላፍ!» ሲሉሽ «አላፍ!» በያቸው። «ሄላው» እንዳትዪ፤ እሱ የዱሰልዶርፎች ነው፣ ጎረቤትና ተፎካካሪ ናቸው።

የፈራሽው ጭምብል ግን የኮሎኝ ሳይሆን የቬኒስ ነው፣ ጣሊያን። መንቆሩ ድሮ በወረርሽኝ ጊዜ ሐኪሞች ያደርጉት የነበረ ነው። በሽታ በመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ ውስጡ ጥሩ መዓዛ ያለው ቅጠል ይጠቀጥቁበታል። እኛ ጤና አዳም አፍንጫችን ላይ እንደምንይዘው በይው። እዚያው ቬኒስ ባውታ የሚባል ነጭ ጭምብል አለ፤ ከአገጩ ወደ ፊት ወጣ ስላለ ሳያወልቁት ይበሉበታል፣ ይጠጡበታል። ጌታና ሎሌው አይለይም ነበር። የሴቶቹ ሞሬታ ደግሞ ከውስጥ ቁልፍ አላት፤ በጥርስ ነክሰሽ ነው የምትይዢያት። ስለዚህ መናገር አትችዪም። ማን እንደፈለሰፋት እንጃ፣ ባል ያለው ሰው ይመስለኛል። ኮሎኝ ላይ ግን ጭምብል ያደረገ ብዙ አታዪም። ፊት መቀባትና አለባበስ ነው።

ሐበሻ ቀሚስሽን ተዪው። እኔ በሁለተኛው ዓመት እናቴ የፈተለችውን ለብሼ፣ ከላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። ፀሐይ የሆነች አንዲት አሮጊት «እንዴት ያምራል! ከየት ገዛሽው?» አለችኝ። «ከደሴ» አልኳት። «አዲስ ሱቅ ነው?» አለች። ስቄ አለፍኩ፤ ማታ ግን ቅር አለኝ። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም። የእናቴ እጅ ከፕላስቲክ ክንፍ ጋር እኩል መቆጠሩ ነው የከነከነኝ። ፊቱን ጥቁር ቀብቶ፣ የሣር ጉርድ አገልድሞ «አፍሪካዊ ነኝ» የሚልም ያጋጥምሽ ይሆናል። እዚያው አገር ብዙ ሰው ይቃወመዋል። እኔ አንዱን ጠጋ ብዬ «ይኼ እኔ ነኝ?» ብዬው መግቢያ አጥቷል።

ያለ ምንም ጌጥ መውጣትም አያዋጣም፤ ከሁሉም በላይ የምትታዪው ያኔ ነው። ወደ ሰልባጅ ተራ ውረጂና ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሹራብ ፈልጊ። የከተማው ቀለም ነው፣ ወጪም የለው። አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን፤ ብርዱ የጦሳ ብርድ አይደለም፣ ከስሩ ሁለት ልብስ ትደርቢያለሽ። አፍንጫሽን ቀይ ተቀቢ፣ አለቀ።

ማክሰኞ ማታ እንዳታመልጥሽ። በየመጠጥ ቤቱ ደጅ ኑበል የሚሉት የጭድ ሰውዬ ተሰቅሎ ይሰነብታል። ያን ማታ ይከሱታል። ገንዘቤን ማን ጨረሰው? ኑበል! ማን አሰከረኝ? ኑበል! ከዚያ ያቃጥሉታል። እኔም የከረባቱን ነገር እሱ ላይ ጣልኩት፤ ባለቤቴ ያኔ ነው የሳቀው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ የላሊበላ ልጆች ነን። ዘንድሮ ለአሸንድዬ እንደ ፈረንጅ ካርኒቫል ጭምብል አድርገን ብንወጣ ቱሪስት አይስብም?

መልስ፦ ቱሪስቱ ከጭምብል አገር ነው የሚመጣው። እነሱ ከጾም በፊት ይጨፍራሉ፤ እናንተ ፍልሰታን ጾማችሁ ስታበቁ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የአሸንድዬውን ሣር ወገባችሁ ላይ አስራችሁ ትወጣላችሁ። የሰቆጣ ልጆች ለሻደይ፣ የራያ ቆቦዎቹ ለሶለል እንደዚያው። ደግሞስ ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ የተሠራችሁት ሹሩባ፣ የተኳላችሁት ኩል ለማን ሊሆን ነው?