ከሦስት ቃል የአንዷ ይቅርታ

ጥያቄ፦ ግላስጎው የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እንግሊዛዊ በስኮትላንዳዊ ሲቀልድ «ጨዋታ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ስኮትላንዳዊ ሲቀልድ ግን ጋዜጦቹ ጥላቻ ያደርጉታል ይላሉ። እውነት ነው ወይስ የሆድ ብሶት?

መልስ፦ ብሶትም አለበት፤ እውነትነቱ ግን ያመዝናል። በፈረንጆቹ 2009 እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን አቅራቢ ጄረሚ ክላርክሰን ሲድኒ ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ የያኔውን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውንን «አንድ ዓይና ስኮትላንዳዊ ደደብ» አላቸው። ብራውን በወጣትነታቸው ራግቢ ሲጫወቱ ተጎድተው የግራ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው ናቸው። ቁጣው ሲበረታ ክላርክሰን ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ቆንጥሮ ነው፣ ስለ መልካቸው ለተናገረው ብቻ። «ደደብ» መባል የፖለቲከኛ ዕጣ ነውና ይለፍ እንበል። «ስኮትላንዳዊ» የምትለዋ ግን ከሁለት ስድብ መካከል ገብታ ምን ትሠራለች? የአገር ስም እንደ ስድብ ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ ይቅርታው ላይ ሳይነሳ ቀረ።

አሁን ገልብጠው ይዩት። በ2006 የ19 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሬይ፣ ስኮትላንድ ባላለፈችበት የዓለም ዋንጫ ማንን እንደሚደግፍ ተጠየቀ። ጠያቂው እያፌዘበት ስለነበር እሱም በፌዝ «እንግሊዝን የሚገጥመውን ሁሉ» አለ። ጋዜጠኛው ራሱ ቀልድ መሆኑን ቢመሰክርም፣ ያቺ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ልጁን ለዓመታት አሳደደችው።

ልማዱ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተሙት መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈቱ በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሰው የሚቀለብበት እህል ነው አሉ። በአጃ አጥሚት አራስ የሚጠግን አገር ልጅ ነኝና ቀልዱ እኔንም ሳይነካኝ አልቀረም። ከስድስቱ ገልባጭ ጸሐፊዎቻቸው አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ያንን መስመር በእጁ የጻፈው ማን ይሆን?

ጋዜጦቹ ስኮትላንድን ይጠላሉ ማለቴ ግን አይደለም። ገበያቸውን ያውቃሉ። በ2015 ምርጫ ዋዜማ የዘ ሰን ጋዜጣ የእንግሊዝ እትም የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲን ምረጡ ሲል፣ የስኮትላንዱ እትም በዚያው ቀን ለስኮትላንድ ነጻነት የሚታገለውን የኒኮላ ስተርጅንን ፓርቲ ደገፈ። ከሳምንታት በፊት ያው የእንግሊዙ እትም ስተርጅንን በዋና ልብስ የሕንፃ ማፍረሻ ኳስ ላይ አስቀምጦ ሲሳለቅባት ነበር።

ስኮትላንዶቹም ንጹሕ አይደሉም። በ2021 እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ስትቀርብ፣ ዘ ናሽናል የተባለው የስኮትላንድ ጋዜጣ የጣሊያኑን አሠልጣኝ ሮቤርቶ ማንቺኒን እንግሊዝን በተዋጋው የጥንት ስኮትላንዳዊ ጀግና በዊልያም ዋላስ አምሳል የፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ አድነን የሚል ልመና ጨምሮበት። እኔ ገጹን ሳየው ከልቤ ሳቅሁ። ቆይቼ ነው፣ የለንደን ጋዜጣ በስኮትላንድ ላይ ይህንኑ ቢያትም እስቅ ነበር ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅሁት። አልስቅም ነበር። ለባልደረቦችዎ ግን ይህችን አይንገሩብኝ።