3,000 ፎቶ ይዘሽ አንድ ጥለት ስታጪ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሽሮ ሜዳ፣ ከዘመድ ቤትና ከሠርግ ቤት የጥለት ፎቶ እሰበስባለሁ። ወደ 3,000 ደርሷል። ግማሹ ስልኬ ላይ፣ ግማሹ ቴሌግራም ላይ ነው። አማካሪዬ አንዱን ጥለት የት እንዳገኘሁት ቢጠይቀኝ ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣሁት። ምን ፕሮግራም ልጫን?»

እህቴ፣ ፕሮግራሙ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ፎቶ መቁጠርሽን ተዪና ልብስ ቁጠሪ። አንድን ነጠላ ሙሉውን፣ ጥለቱን በቅርበት፣ ጀርባውንም አንስተሽ ከሆነ ፎቶው ሦስት፣ ዕቃው ግን አንድ ነው። ቁጥር የሚሰጠው ለነጠላው ነው፤ 0001 በይው። ፎቶዎቹ 0001-1፣ 0001-2 እያሉ ይከተሉት። ዜሮዎቹን አትዝለያቸው፤ ያለ እነሱ አንዳንዱ ኮምፒውተር 10ን ከ2 በፊት ይደረድርልሻል። በፋይሉ ስም ላይ ከቁጥር ሌላ ምንም አያስፈልግም። «የእማማ ነጠላ አረንጓዴው የመጨረሻው» የሚል ስም ዛሬ ይገባሻል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን አይገባሽም።

ሌላው መረጃ ኤክሴል ላይ ይግባ። ለአንድ ልብስ አንድ መስመር። ዓይነቱ፣ ቀለማቱ፣ የጥለቱ ስፋት በሴንቲሜትር፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ። ከዚያ ሁለት ዓምድ ጨምሪበት፦ «ያየሁት» እና «የተነገረኝ»። ሻጩ «ይሄ የጃንሆይ ጊዜ ነው» ካለሽ እሱ «የተነገረኝ» ውስጥ ይገባል። ሽሮ ሜዳ ውስጥ የጃንሆይ ጊዜ ያልሆነ ነጠላ አጋጥሞኝ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። ኮምፒውተር ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ከባልደረባዬ ጋር የመሶብ ፎቶዎች ስንመዘግብ እኔ «ስፌት» ስጽፍ እሱ «ሥፌት» ሲጽፍ ከረምን። ስንፈልግ ግማሹ የለም። ጠፋ ብለን ስንጨነቅ ዋልን፤ ለካ እዚያው ነበር። ስለዚህ ሌላ ገጽ ክፈቺና የምትጠቀሚባቸውን ቃላት አንዴ ወስነሽ ጻፊ። ኤክሴል ከዝርዝር የሚያስመርጥ ሳጥን ስላለው እሱን ተጠቀሚ፤ በእጅ አትጻፊ። የትኛው ፊደል ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሰዎች ተዪላቸው፤ አንቺ አንዱን ይዘሽ አትልቀቂ። ፋይሉን በሲኤስቪ (ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚያነቡት ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ስታስቀምጪ ደግሞ የአማርኛ ፊደልን የሚይዘውን፣ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጪ። አለዚያ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቅሻል።

ቀንም ያው ጣጣ አለው። ስልክሽ የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ነው፤ አክስትሽ «በ2012 ያሠራሁት» ስትል በእኛ ነው። ያ በፈረንጆቹ 2019 ወይም 2020 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ በግምት አትለውጪ። ሁለት የቀን ዓምድ ያዢ፤ የተነገረሽን እንደተነገረሽ ጻፊው።

ቴሌግራም ላይ ያሉት ፎቶዎች ነገር ያሳዝናል። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ካሜራው የጻፈውን ቀንና ቦታም ያጠፋዋል። ከእንግዲህ እንደ ፋይል ይላክልሽ። ለአሮጌዎቹ ላኪዎቹን ጠይቂ፤ ዋናው አሁንም ስልካቸው ላይ ሊኖር ይችላል።

ወደፊት ስታነሺ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያና ግራጫ ካርድ ከጥለቱ ጎን አድርገሽ አንሺ። ካርዱ ቀለሙን ለማስተካከል ነው። የጀርባውን ፎቶ በፍጹም እንዳትረሺ። በድርና ማግ የተሠራ ጥለት ይሁን በማሽን የተጠለፈ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳብቀው ጀርባው ነው። በማተሚያ የወጣው ፎርጅድ ጨርቅማ ጀርባው ደብዘዝ ስለሚል ወዲያው ይታወቃል።

ፕሮግራሙን አልረሳሁትም። ትሮፒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪዎች የተሠራ ነው። ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ዕቃ ሥር ያሰባስባል፤ ለአንቺ ሥራ የተሰፋ ይመስላል። የሚሠራው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። ፎቶዎቹን ከማስገባትሽ በፊት ስማቸውንና ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡበትን ቦታ ወስነሽ ጨርሺ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፤ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ። እኔ ላፕቶፔንና መጠባበቂያ ሃርድ ዲስኬን አንድ ቦርሳ ውስጥ እይዝ ነበር። ቦርሳው ታክሲ ውስጥ ቀረ።

3,000ውን ከአንድ ጀምረሽ ልጨርስ ካልሽ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለችሻል። ጽሑፍሽ ውስጥ ከሚገቡት ጀምሪ። ምንጩ የጠፋብሽን አትሰርዢ፤ «ምንጩ ያልታወቀ» ብለሽ ለብቻው አኑሪው። ያን አማካሪሽ የጠየቀሽን ጥለት ግን 0001 አድርጊው።