ከተሸነፋችሁበት ሰሌዳ ቶሎ አትነሱ

ውድ ልጆቼ፣

በሕንፃ ምሕንድስና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጎ የተባለውን በጃፓን የተወደደ የሰሌዳ ጨዋታ የተማርኩት በወጣትነቴ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የሆኒንቦ ማዕረግ ግጥሚያዎችን ከመዝገብ እያነበብኩ ጠጠሮቹን በሰሌዳዬ ላይ አንድ በአንድ እደረድራለሁ። ከሻምፒዮኖቹ ያገኘሁትንና በሥራ ዘመኔ ዘግይቼ የተረዳሁትን ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎ አሥራ ዘጠኝ አግድምና አሥራ ዘጠኝ ቁልቁል መስመሮች ባሉት ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ እያኖሩ ክልል የሚይዙበት ጨዋታ ነው። ሆኒንቦ ቀድሞ በውርስ የሚተላለፍ የአንድ የጎ ትምህርት ቤት ስም ነበር፤ የመጨረሻው ወራሽ ሹሳይ ስሙን ለጃፓን የጎ ማኅበር ካስረከበ በኋላ ግን በውድድር ብቻ የሚገኝ ማዕረግ ሆነ፤ በ1941 ሴኪያማ ሪኢቺ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆኖ ተቀበለው። በ1945 ከሂሮሺማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ስፍራ ሃሺሞቶ ኡታሮና ኢዋሞቶ ካኦሩ ለዚሁ ማዕረግ በመጫወት ላይ ሳሉ የአቶሚክ ቦምቡ እንደ ወደቀና ጨዋታውን በዚያው ቀን እንደ ጨረሱት ብዙ ጊዜ ይነገራል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ቀን በሰው ዕድሜ አይደጋገምምና ለዕለት ሥራችሁ የሚጠቅማችሁን ከሌላ ሰው መፈለግ እመርጣለሁ።

ያ ሰው ቾ ቺኩን ነው። በኮሪያ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ወደ ጃፓን ተሻገረና በመምህር ኪታኒ ሚኖሩ ቤት አደገ። በዚያ ዘመን የማዕረጉ ባለቤት የሚለየው ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ በማሸነፍ ነበር፤ አንዱ ጨዋታ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ሲያበቃም ተረኛው ቀጣይ እርምጃውን ጽፎ በፖስታ ያሽግ ነበር፤ ተቀናቃኙ መልሱን ሲያወጣና ሲያወርድ እንዳያድር። በ1983 መጀመሪያ ላይ ቾ ኪሴይ ለሚባለው ሌላ ታላቅ ማዕረግ ከፉጂሳዋ ሹኮ ጋር ገጥሞ ሦስቱን ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ከዚያ አራቱን አሸንፎ ማዕረጉን ወሰደ። በዚያው ዓመት የሆኒንቦ ማዕረጉን ከሪን ካይሆ ሲከላከል ደግሞ ሦስት ለዜሮ እየመራ ሳለ አራት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈና ማዕረጉን ተነጠቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን መንገድ ከሁለቱም ጫፍ ሄደበት። በ1986 ከመኪና አደጋ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ኪሴይን ከኮባያሺ ኮኢቺ ሲከላከል ተሸነፈ፤ በ1989 ግን ሆኒንቦን መልሶ ያዘ። ከ1990 እስከ 1992 ያው ኮባያሺ በየዓመቱ መጣበት፤ በ1990 ሦስት ለአንድ፣ በ1991 ሁለት ለዜሮ፣ በ1992 ደግሞ ሦስት ለዜሮ መርቶት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ያሸነፈው ቾ ነው። ማዕረጉን ለአሥር ተከታታይ ዓመታት ይዞ ቆየ።

እነዚህን ጨዋታዎች ስደረድር ልቤን የሚይዘው ከመጨረሻው ጠጠር በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በጃፓን ልማድ ተሸናፊው እጁን ከሰጠ በኋላ ወዲያው አይነሳም፤ ደክሞትም፣ ፊቱ ተለውጦም ቢሆን ካሸነፈው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ጠጠሮቹን ወደ ኋላ እየመለሰ የሳተበትን ቦታ ይፈልጋል። ያን እርምጃ ከአሸናፊው በላይ የሚያውቅለት የለምና።

እኔ ይህን በሰሌዳ ላይ እያደረግሁ በሥራዬ አላደርገውም ነበር። ወጣት ሳለሁ በአንድ ወለል የብረት ስሌት ላይ የሠራሁትን ስህተት አንድ ታላቅ ባልደረባዬ አገኘብኝ። ቁጥሩን ብቻ አርሜ፣ እንዴት እንዳገኘው ሳልጠይቀው ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ኀፍረቱ ከብዶኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ስህተት በሌላ ሕንፃ ላይ ደገምኩት፤ ያኔ ግን ያረመኝ ሰው ከሥራ ቦታው ሄዶ ነበርና የምጠይቀው አጣሁ። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፦ ሥራችሁን ያረመላችሁን ሰው በዚያው ቀን፣ ነገሩ ሳይበርድ፣ "ከየት ጀምሬ ነው የሳትኩት?" ብላችሁ ጠይቁት። "ምኑ ላይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ስህተቱ የታየበት ቦታና የተጀመረበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ።

ዘመኑ የእናንተ ስለሆነ የቅርቡንም ልጨምር። ኢያማ ዩታ ከ2012 እስከ 2022 ሆኒንቦን ለአሥራ አንድ ተከታታይ ዓመታት ይዞ የቾን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ኢቺሪኪ ሪዮ የተባለው ወጣት በ2017 እና በ2018 በሦስት የተለያዩ ማዕረጎች ኢያማን ገጥሞ አሥር ጨዋታ ተጫወተ፤ አሥሩንም ተሸነፈ። በ2022 ለሆኒንቦ ሲገጥመው ደግሞ አራት ለዜሮ ተረታ። በ2023 እንደገና ከዚያው ሰው ፊት ተቀመጠ፤ ሦስት ለሦስት ደርሰው በሰባተኛው ጨዋታ ማዕረጉን ወሰደ።