ብዜቱ 5 ከሆነ ገቢው ለምን በ200 አላደገም?

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመንግሥት ወጪ በ40 ሲጨምር ገቢ በስንት ያድጋል ተብዬ፣ ብዜቱ (ወለድ ሳይለወጥ፣ ወጪ በ1 ሲጨምር ገቢ የሚያድግበት መጠን) 5 ስለሆነ 200 ብዬ መለስሁ። ተሳስተሃል ተባልሁ። አይኤስና ኤልኤም መሳል አያቅተኝም፤ ስሕተቴ የቱ ጋ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ 200 የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። የአይኤስ መስመር (የዕቃና አገልግሎት ገበያ የሚመጣጠንባቸው የገቢና የወለድ ጥንዶች) ወደ ቀኝ የሚሄድበትን ርቀት ነው ያሰሉት፤ ኢኮኖሚው የሚያርፍበትን ቦታ አይደለም። የፈተናውን ቁጥሮች ስላላኩልን የራሳችንን እንውሰድ።

ፍጆታ 150 + 0.8 × (ገቢ − ታክስ)፣ ታክስ 100፣ ኢንቨስትመንት 250 − 20 × ወለድ፣ የመንግሥት ወጪ 180 ይሁን። ደምረው ሲያስተካክሉት አይኤስ፦ ገቢ = 2500 − 100 × ወለድ። የገንዘብ ፍላጎት 0.5 × ገቢ − 50 × ወለድ፣ በዋጋ የተካፈለው የገንዘብ አቅርቦት 800 ከሆነ ደግሞ ኤልኤም (የገንዘብ ገበያ የሚመጣጠንበት መስመር)፦ ገቢ = 1600 + 100 × ወለድ። ሁለቱ የሚገናኙት ወለድ 4.5፣ ገቢ 2050 ላይ ነው።

አሁን የመንግሥት ወጪን 220 ያድርጉት። አይኤስ 2700 − 100 × ወለድ ይሆናል፤ ወለድ 5.5፣ ገቢ 2150። ጭማሪው 100 ብቻ! ገቢ ሲያድግ ሰው ለግብይት የሚይዘው ገንዘብ ይበዛል፤ አቅርቦቱ ግን 800 ላይ ቆሟል። ስለዚህ ወለድ በ1 ነጥብ ይወጣል፣ ኢንቨስትመንትም በ20 ይወርዳል። ክራውዲንግ አውት የሚባለው ይኸው ነው። ከመልስዎ ሥር ሁልጊዜ ማረጋገጫ ይጻፉ፦ ወጪ 40፣ ፍጆታ 80፣ ኢንቨስትመንት −20፤ ድምሩ 100። ካልገጠመ የሆነ ቦታ ምልክት ተገልብጧል።

ብዙ ነጥብ የሚያስጥሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ወለዱን 4.5 ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ 0.045 ማስገባት፣ ገንዘቡን በዋጋ ደረጃ ሳያካፍሉ ኤልኤም ውስጥ መክተት የተለመዱ ናቸው። ታክስ በ40 ሲቀነስ አይኤስ የሚሄደው 160 እንጂ 200 አይደለም፤ ከ40ው ላይ 8ቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደ ቁጠባ ገብቷል። ታክሱ ቋሚ መሆኑ ቀርቶ የገቢ 25 በመቶ ከሆነ ደግሞ ብዜቱ ራሱ ወደ 2.5 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለድ (ባንኩ ራሱ የሚወስነውን መነሻ ወለድ) 15 በመቶ ብሎ መሥራት ጀመረ። ታዲያ የገንዘብ አቅርቦት ቋሚ ነው እያልን ኤልኤምን ለምን እንማራለን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባንኩ ወለዱን ከያዘ ኤልኤም አግድም መስመር ይሆናል፤ የሚለዋወጠው የገንዘቡ መጠን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ወለዱ 4.5 ላይ ይጠበቅ ቢባል፣ ባንኩ አቅርቦቱን ከ800 ወደ 900 ማሳደግ ይኖርበታል፤ ገቢም 2250 ይደርሳል። የጎንደሩ ጠያቂያችን 200 በዚህኛው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያሰጠው ነበር። ስለዚህ ፈተና ላይ «የገንዘብ አቅርቦት ሳይለወጥ» ከሚለውና «ወለድ ሳይለወጥ» ከሚለው ሐረግ የትኛው እንዳለ ያስምሩበት።

የኢትዮጵያን ሁኔታ ሲጽፉ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ኢንቨስትመንትን የሚወስነው የዋጋ ንረት የተቀነሰለት ወለድ ነው፤ ያኔ ዓመታዊው ንረት ከ15 በመቶ በላይ ስለነበር እውነተኛው የፖሊሲ ወለድ ከዜሮ በታች ነበር። በተጨማሪም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ጣሪያ ተገድቦ ነበር። ብድር በኮታ በሚታደልበት ጊዜ ወለዱ ብቻውን ማን እንደሚበደር አይነግርዎትም፤ ሞዴሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ማረጋጊያ ፖሊሲ መዘግየት አንድ ምሳሌ ብቻ ስጡኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሜሪካ፣ ፖል ቮልከር የማዕከላዊ ባንኩ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር በነበረበት ዘመን። ፌዴራል ሪዘርቭ ገንዘብ ማጥበቁን ያወጀው በጥቅምት 1979 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዋጋ ንረት በ1980 በዓመት አማካይ 13.5 በመቶ ነበር፤ ወደ 3.2 የወረደው በ1983 ነው። በመካከሉ ሥራ አጥነት በ1982 መጨረሻ 10.8 በመቶ ደርሷል። ይህን በፊሊፕስ ከርቭ (የዋጋ ንረትንና የሥራ አጥነትን ግንኙነት በሚያሳየው መስመር) ላይ ሲስሉ፣ ሰው የሚጠብቀው የዋጋ ንረት ዝቅ እስኪል መስመሩ ወዲያው እንደማይወርድ ያሳዩ፤ ሥራ አጥነቱ የበዛው በዚያ ክፍተት ነው።