ሠላሳ ደቂቃ የተመደበለት ቤት

ደብዳቤው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጸሐፊው ብዙ ዓመት በጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ሆነው ሠርተዋል። አሁን ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ልጆቼ 20፣ 17 እና 14 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት መጥቷል። ሴቷ በሚመጣው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና አለባት። እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ነው ያደጉት። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት አብረን ተራራ ለተራራ እንድንዞር አሰብኩ። ከባለቤቴ ወንድም ደብል ጋቢና ፒካፕ እዋሳለሁ። አንኮበር፣ ወፍ ዋሻ፣ ጣርማበር፣ ጓሳ፣ መሐል ሜዳ፤ ነዳጁ፣ ማደሪያው፣ ስንቁ ሁሉ ተሰልቷል። ልጆቹ ግን ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ትልቁ ‹እዚያ ኔትወርክ አለ?› ይላል። ትንሹ ዝም። ሴቷ ደግሞ ‹አባዬ፣ መሄድ የፈለግከው አንተ ነህ፤ እኛን ለምን ትጎትተናለህ?› አለችኝ። እናታቸው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስልክ ነው ያበላሻቸው። እንዴት ላሳምናቸው?»

ወንድሜ፣ የጉዞ ዕቅዱን ፎቶ አንስተው አብረው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ጣርማበር ላይ ጉም ከያዘ የት ቆማችሁ እንደምትጠብቁ ሳይቀር አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ጋ ለፎቶ አሥር ደቂቃ ተመድቧል። ለጓሳ አንድ ቀን ተኩል ተሰጥቶታል። ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ፣ የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየጠበቀ እንዴት እንዳቆየው ለልጆቹ የሚነግሩትን ሁሉ ጽፈዋል። ደስ ይላል። (ነሐሴ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ ከጉምና ከዝናብ መጥረጊያ ሌላ ምን እንደምታዩ ባላውቅም።)

ከዚያ አምስተኛው ቀን ላይ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፦ «ረፋድ 4፡00፣ ሞላሌ አካባቢ፣ አባቴ ቤት፣ 30 ደቂቃ። 4፡30 ወደ ጓሳ።»

ይህን ካየሁ በኋላ ደብዳቤውን እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ፣ ከስምዎ በፊት፣ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አባትዎ ካረፉ 6 ዓመት ሆኗል። ያን ጊዜ እርስዎ በጂቡቲ መስመር ሚሌ ነበሩና ለቀብሩ አልደረሱም። ለአርባው ገንዘብ ልከዋል። ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት ስለመሄድዎ አንድም ቃል የለም። ታላቅ ወንድምዎን ያነሱትም አንዴ ብቻ ነው፤ «ብዙም አንደዋወልም» ብለው።

ልሳሳት እችላለሁ፤ የማውቅዎ በአንድ ደብዳቤ ነው። ግን የሰባቱ ቀን ዕቅድ በሙሉ በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ዙሪያ የተገነባ ይመስለኛል።

እስቲ እናስበው። መንዝ ውስጥ፣ 6 ዓመት ያልታየ ልጅ፣ ሦስት የደረሱ ልጆች አስከትሎ፣ አባቱ ቤት በር ላይ መኪና ሲያቆም ምን ይሆናል? እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የመኪናው በር ሳይከፈት ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። አክስት ደረት እየመታች ትወጣለች። ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ ቡናው አለ፣ ጠላው አለ፣ «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» አለ። መቃብሩ ጋ መድረስ አለ። ከዚያ ቤት በሠላሳ ደቂቃ የወጣ ሰው የለም። ለጎማ መቀየሪያ እንኳ መጠባበቂያ ሰዓት የያዘ ሾፌር ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም 30 ደቂቃ የጻፈው።

እኔ እንደምገምተው ሠላሳ ደቂቃ ራስዎን መያዝ እችላለሁ ብለው ያሰቡት ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ከቆዩ የሚመጣውን ይፈሩታል። ስለዚህ ቤቱን በሁለት በኩል ተራራ አጠሩለት። ከፊቱ አንኮበርና ወፍ ዋሻ፣ ከኋላው ጓሳና መሐል ሜዳ። «መንገዳችን ላይ ስለሆነ ጎራ አልን» ማለት እንዲቻል።

ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። እኛ አገር ሐዘን ሥራ አለው። አፈር ማልበስ አለ፣ ደጅ ላይ መቀመጥ አለ፣ እዝን መቅመስ አለ፣ ሰው ሲመጣ አብሮ እንደገና ማልቀስ አለ። ቀብሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ ሚሌ ያለን ሾፌር አይጠብቅም። ለቀብር ያልደረሰ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። እንባው ቦታ ያጣል። የላኩት ገንዘብ አርባው ላይ ሰው አብልቷል፤ እርስዎ ግን ከበሉት መሃል አልነበሩም። ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ሐዘኑ ላይ እፍረት ተደረበ። «አሁን በምን ፊት እሄዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ይህ የሚገርም ነገር አይደለም። ዕድሜያቸውን በመንገድ ከጨረሱ፣ ከዓረብ አገር ከተመለሱ፣ ከግዳጅ ከመጡ ሰዎች በተደጋጋሚ እሰማዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ልጆቹ የተነገራቸው ነገር ነው። የተነገራቸው ሌላ ነው። «ስልክ አበላሽቷችኋል፣ ከስልክ ላላቅቃችሁ ነው» ተባሉ። ጉዞው ገና ከመጀመሪያው ወቀሳ ሆኖ ቀረበላቸው። የ20 ዓመት ልጅ ወቀሳ ተጭኖበት አንድ ሳምንት ጋቢና ውስጥ ልቀመጥ አይልም።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልበል፤ ቅር እንዳይልዎት። እነዚህ ልጆች አባታቸውን ያገኙት በስልክ ነው። ከሚሌ፣ ከጋላፊ፣ ኔትወርክ ከተገኘበት ሁሉ ሲደውሉላቸው ነው ያደጉት። ትልቁ «እዚያ ኔትወርክ አለ?» ሲል እርስዎ የሰሙት ሱስ ነው። ሊሆን ይችላል። ግን በእዚያ ቤት ኔትወርክ ያለበት ቦታ ለዓመታት አባት ያለበት ቦታ ነበር። ስልክን እንደ ጠላት ቆጥረው ሲነሱባቸው የሚሰማቸው ነገር ግራ ቢያጋባቸው አይገርመኝም።

ሴት ልጅዎ የተናገረችው ብልግና መስሎዎታል። እኔ ሳነበው በቤቱ ውስጥ እውነቱን የነካችው እሷ ብቻ ናት። «መሄድ የፈለግከው አንተ ነህ።» ትክክል ናት። የፈለጉት እርስዎ ነዎት። «ለምን?» ብላም ጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የአዋቂን ፊት ማንበብ ያውቁበታል። አንድ የተደበቀ ነገር እንዳለ ይሸታቸዋል። ምን እንደሆነ ሲያጡት እግራቸውን ይተክላሉ። ባለቤትዎ ዝም ያሉትም ከልጆቹ ጋር ወግነው ላይሆን ይችላል። 6 ዓመት አብረውዎት አድረዋል፤ ሌሊት ሲገላበጡ ያዩት እሳቸው ናቸው። ምናልባት እርስዎ እስኪናገሩት እየጠበቁ ይሆናል።

አሜሪካ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ ለልጆች 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር። አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? እናትና አባትህ የት ተገናኙ? በቤተሰባችሁ ውስጥ የደረሰ ክፉ ነገር ታውቃለህ? ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ፣ ሕይወቴን መምራት እችላለሁ የሚለው ስሜታቸውም የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ይህ ታሪክ መንገር ብቻውን ልጅን ያጠነክራል ማለት አይደለም። ምናልባት የሚያወጋ ቤተሰብ በሌላውም ነገር የተቀራረበ ስለሆነ ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ከጥያቄዎቹ መካከል የክፉ ቀን ታሪክ መኖሩ ነው። ልጆችን የሚጠቅማቸው «ሁሌም ጀግኖች ነበርን» የሚለው ወሬ ብቻ አይደለም። አባታቸው አንድ ቀን እንዳልደረሰ፣ በዚያም እንዳፈረ ማወቅም ይጠቅማቸዋል።

የእርስዎ ልጆች ግን በዚህ ዕቅድ መሠረት ከጉዞው ሲመለሱ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያውቁት ስለ አያታቸው ከሚያውቁት ይበልጣል።

እንዴት ላሳምናቸው ነበር ጥያቄዎ። ማሳመኑን ለጊዜው ይተዉትና ይንገሯቸው። ትልቅ ጉባኤ አያስፈልግም። ሱቅ ሲዘጉ ወይም ለሆነ ጉዳይ እስከ ጫጫ አብራችሁ ስትነዱ ይሻላል። የደረሱ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊት ለፊት ከሚያወሩት በላይ ያወራሉ፤ ይህን ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። ሚሌ ላይ ስልኩ ሲደወል የት ቆመው እንደነበር ይንገሯቸው። ጭነቱን ትተው መምጣት እንዳልቻሉ ይንገሯቸው። ከዚያ «ብቻዬን መሄድ ከብዶኛል፤ ትመጣላችሁ?» ይበሉ። ከሦስቱ አንዱ «አልሄድም» ቢል ይቀበሉት። አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም ጉዞ ነው።

ለታላቅ ወንድምዎ አስቀድመው ይደውሉ። መደወሉ ከከበደዎት የምታከብሩት የጋራ ዘመድ ወይም የነፍስ አባትዎ ቀድመው ያናግሯቸው። ልጆቹም እዚያ ሲደርሱ የሚጠብቃቸውን ይወቁ፤ ከተማ ያደገ የ14 ዓመት ልጅ እንዲያ ያለ ለቅሶ ድንገት ቢያይ ይደነግጣል። የአባትዎን ቤት ከአምስተኛው ቀን ወደ መጀመሪያው ያምጡት፣ ሰዓትም አይመድቡለት። የቀረውን ቀን ለልጆቹ ይተዉላቸው። ጓሳ እንሂድ ካሉ ይሂዱ፤ ደብረ ብርሃን ተመልሰን እንተኛ ካሉም ይሁን።

ከዚያ በኋላም እንቅልፍ እንቢ ካለዎት፣ ደረትዎን ከያዘዎት ወይም ሐዘኑ ሥራ ካስፈታዎት ግን የጋዜጣ ምክር አይበቃም። በአቅራቢያዎ ባለ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ፊት ለፊት ያነጋግሩ። ወንድምዎ መጀመሪያ ላይ ቢቀዘቅዙብዎትም ተስፋ አይቁረጡ፤ የ6 ዓመት ቅያሜ በአንድ ቡና ላይፈታ ይችላል።

ስለ ወሩ ደግሞ፣ የሚቻል ከሆነ ከመስቀል በኋላ ባለ ቅዳሜና እሁድ ያድርጉት፤ ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሱ በፊት ከተገጣጠመ። ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱም ይደርቃል። ሴቷም ገና ጥናት ሳይበዛባት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉ ሰዎች ይጠይቁ። ለጓሳ ሌሊት ወፍራም ጋቢ ይያዙ፤ ባና ካለም እሱ ይሻላል።